ጨለማን የማይክድ ብርሃን፤ ስለ ዲትሪክ ቦንሆፈር የእስር ቤት ደብዳቤዎች

«ሊነጋ ሲል ይጨልማል» እያልን መከራ የጸናበትን ሰው እናጽናናለን። ቃሉ መልካም ነው፤ የተጨነቀ ሰው ሌሊቱን ታግሦ እንዲያድር ይረዳዋልና። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ለዚያ ለተጨነቀው ሰው ሳይነጋለት ቢቀርስ ምን እንለዋለን? ንጋቱን ሳያይ በሌሊቱ መካከል የሞተ ሰው ብዙ ነው። እምነት ማለት ነገ ይነጋል ብሎ መጠበቅ ብቻ ከሆነ፥ እንዲህ ላለው ሰው እምነቱ ምን ጠቀመው?

ስለ መጽናናት ከተጻፉት መንፈሳውያን መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ አይደፍሩትም። ጨለማውን በጥቂት ቃል ያነሡና ወደ ብርሃኑ ይቸኩላሉ፤ ታሪካቸውም የታመመው ሲድን፥ የታሰረው ሲፈታ፥ የጠፋው ሲገኝ ያበቃል። እኔ እነዚህን መጻሕፍት አልነቅፋቸውም፤ ነገር ግን የነገሩን እኩሌታ ብቻ የሚናገሩ ይመስለኛል። የቀረውን እኩሌታ ማወቅ የሚሻ አንባቢ ቢኖር፥ አንድ የጀርመን ቄስ በወህኒ ቤት ሆኖ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እንዲያነብ እመክረዋለሁ። በዚህም ጽሑፍ የመጽሐፉን ዋና ትምህርት፥ የሚነቀፍበትንም ነገር፥ እንደ ችሎታዬ ለመመርመር እሞክራለሁ።

ጸሐፊው ዲትሪክ ቦንሆፈር ይባላል። በ1906 በብሬስላው ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባቱ የታወቀ የአእምሮ ሕመም ሐኪምና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ልጁም በ21 ዓመቱ በነገረ መለኮት የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በ1939 በጋ ወዳጆቹ ከሚመጣው ጦርነት ያመልጥ ዘንድ ወደ አሜሪካ እንዲሄድ አደረጉት፤ እርሱ ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ወደ አገሩ ተመለሰ። የሕዝቡን መከራ ያልተካፈለ ሰው፥ መከራው ካለፈ በኋላ የሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ለማደስ እጁን ሊዘረጋ አይገባውም ብሎ ያምን ነበርና። በጦርነቱም ጊዜ ሒትለርን ለመጣል በምሥጢር ከተማማሉት ሰዎች ጋር ተባበረ። ኤፕሪል 5 ቀን 1943 ተይዞ በርሊን በሚገኘው በቴጌል ወህኒ ቤት ታሰረ። ለወላጆቹ የሚጽፈውን ደብዳቤ መርማሪዎቹ ያነቡት ነበር፤ ለወዳጁ ለኤበርሃርት ቤትጌ የሚጽፈው ግን በደግ ዘበኞች እጅ ተደብቆ ይወጣ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቤትጌ ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ በ1951 በሙኒክ ከተማ አሳተማቸው። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «መቃወምና መገዛት» ማለት ነው፤ ክፉውን መቃወም፥ ለእግዚአብሔር ፈቃድ ግን መገዛት እንደ ማለት ነው።

ወደ ደብዳቤዎቹ ከመግባታችን አስቀድሞ፥ ስለ ብርሃን ስንናገር አንድ ነገር መለየት ይገባናል። የሚያበራ ነገር ሁሉ ብርሃን አይደለም። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሒትለር የጀርመን መንግሥት መሪ ሆኖ በተሾመበት ሌሊት፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ደጋፊዎቹ ችቦ አብርተው በበርሊን አውራ መንገድ ተሰልፈው አለፉ። ሥራ አጥነትና ውርደት ላደከመው ሕዝብ ያ ሌሊት እንደ ቀን ሆኖ ታየው። ከፕሮቴስታንት ካህናትም ብዙዎች ይህ ከእግዚአብሔር የተሰጠን የአገር ትንሣኤ ነው እያሉ ሰበኩ። ቦንሆፈር ያን ጊዜ ገና 27 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፥ ፌብሩዋሪ 1 ቀን፥ በራዲዮ ንግግር አደረገ፤ ራሱን ጣዖት የሚያደርግ መሪ የሚከተሉትን ሁሉ ያስታል ብሎ አስጠነቀቀ፤ ንግግሩም ሳያልቅ ከአየር ላይ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ደግሞ አይሁድ ሲገፉ ቤተ ክርስቲያን ዝም ማለት እንደማይገባት ጻፈ።

እንግዲህ የችቦና የመብራት ልዩነቱ ይህ ነው። ችቦ የያዘውን ሰው ያደምቀዋል፤ የሚመጣበትን ሰው ግን ያስፈራዋል፤ ነዶም ሲያልቅ ከፊተኛው የበለጠ ጨለማ ትቶ ይሄዳል። መብራት ግን ትንሽም ብትሆን የሌላውን ሰው ፊት ታሳያለች። በጭንቅ ጊዜ «ብርሃን ይዤላችሁ መጣሁ» የሚል ሰው ሲነሣ፥ ብርሃኑ የጎረቤታችንን ፊት ያሳየናልን? ወይስ ጎረቤታችንን እንድናቃጥል ያደርገናል? ብለን ልንመረምር ይገባናል። ይህ መመርመሪያ ለጀርመን አገር ብቻ የተሰጠ አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ እንግባ። አንባቢውን በመጀመሪያ የሚያስደንቀው፥ ጸሐፊው ጨለማውን አለመካዱ ነው። ለወላጆቹ ሲጽፍ እንዳያዝኑ ብሎ ደኅንነቱን ይነግራቸዋል፤ በግቢው ስለምትዘምረው ወፍና ስላነበበው መጽሐፍ ያወራላቸዋል። ለወዳጁ ሲጽፍ ግን የልቡን ይገልጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክፍሉ እጅግ የቈሸሸ፥ ብርድ ልብሱም ከሽታው የተነሣ የማይለበስ እንደ ነበረ፥ ከባድ ኀዘንም አልፎ አልፎ እንደሚመጣበት አይሸሽግም። በ1944 በጻፈው አንድ ግጥምም፥ ሰዎች እርሱን ጽኑና የተረጋጋ አድርገው እንደሚያዩት፥ እርሱ ግን ራሱን ደካማና የታወከ ሆኖ እንደሚያገኘው ይናገራል። ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳያገኝ ራሱን አሳልፎ ለሚያውቀው አምላክ ይሰጣል። ስለ ራሱ ድፍረት የሚመካ ደራሲ እንዲህ አይጽፍም። እኔም የመጽሐፉን ምስክርነት እንዳምን ያደረገኝ ከሁሉ በፊት ይህ ግልጽነቱ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን ለ1943 የልደት በዓል ለእስረኞች ጓደኞቹ ያዘጋጀው የጠዋት ጸሎት ነው። የጸሎቱ አሠራር ቀላል ነው፤ በአንድ ወገን የሰውን ነገር፥ በሌላው ወገን የእግዚአብሔርን ነገር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል። በሰው ወገን ጨለማ፥ ብቸኝነት፥ ፍርሃት፥ መራራነት አለ፤ በእግዚአብሔር ወገን ብርሃን፥ አለመተው፥ ረድኤት፥ ትዕግሥት አለ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አቀማመጥ ልብ ብለህ ተመልከት። ጸሎቱ «አሁን ጨለማ ነው፥ ኋላ ብርሃን ይመጣል» አይልም። ጨለማውና ብርሃኑ በአንድ ሰዓት አሉ። የሚለያዩትም በጊዜ ሳይሆን በሚገኙበት ቦታ ነው፤ ጨለማው በእኔ ዘንድ፥ ብርሃኑ በእርሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ የሚጸልየው እስረኛ በልቡ ብርሃን አልሰማ ቢለው፥ እምነት የለኝም ብሎ ተስፋ መቍረጥ አያስፈልገውም። በልቡ ያለው ጨለማ፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለውን ብርሃን ሊያጠፋው አይችልምና። ወንጌላዊው ዮሐንስም በመጀመሪያው ምዕራፉ ስለ ብርሃን ሲመሰክር፥ ጨለማው ጨርሶ ጠፋ አላለም፤ ብርሃኑ በዚያው በጨለማው ውስጥ ማብራቱን ነው የነገረን።

እኔ እንደሚመስለኝ የመጽሐፉ ትምህርት ሁሉ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ይቆማል። ብርሃኑን ከነገ ወደ ዛሬ፥ ከገዛ ስሜታችንም ወደ እግዚአብሔር ታማኝነት ይመልሰዋል። በስሜት ላይ የተመሠረተ ብርሃን ስሜቱ ሲለወጥ ይጠፋል፤ በነገ ላይ የተመሠረተውም ነገ ሲዘገይ ይደክማል። በእግዚአብሔር ላይ የተመሠረተው ግን እኛ ባናየው እንኳ ይኖራል።

ይህንንም ትምህርት ኑሮው ያስረዳናል። ወህኒ ቤቱ በፋብሪካ አጠገብ ስለ ነበረ የአየር ድብደባ ይበዛበት ነበር። በጃንዋሪ 1944 መጨረሻ በጻፈው ደብዳቤ አንድ ሌሊት የሆነውን ይተርካል። ቦምብ ሲወርድ እስረኞቹ ሁሉ በወለል ላይ ተኝተው ሳሉ፥ በሌላ ጊዜ ቀልደኛ የሆነ አንድ ሰው በድንጋጤ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ። ቦንሆፈር ቄስ ሳለ በዚያች ሰዓት ሊሰብከው አልወደደም፤ ሰዓቱን ተመልክቶ፥ ከዚህ በኋላ ከአሥር ደቂቃ እንደማይበልጥ ብቻ ነገረው። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሲያነብ ቅር ይለው ይሆናል፤ ነፍስን ለማዳን የተገኘውን ጊዜ ለምን አሳለፈው? ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ ውስጥ ትልቅ አክብሮት አያለሁ። የሰውን ፍርሃት እንደ ወጥመድ ተጠቅሞ ወደ ሃይማኖት መሳብ ፍቅር አይደለም። የፈራ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው አጠገቡ የተኛ ያልሸሸ ሰውና እውነተኛ ቃል ነው፤ አሥር ደቂቃ የሚለውም እውነተኛ ቃል ነበረ።

እንዲሁም በ1943 የልደት ዋዜማ ስለ መለየት የጻፈው ለኀዘንተኛ ሁሉ የሚጠቅም ነው። እኛ ለቅሶ ስንደርስ፥ እግዚአብሔር የጎደለውን ይሙላልህ እንላለን። እርሱ ግን የምንወደው ሰው የተወውን ስፍራ የሚሞላ ምንም ነገር የለም፥ እግዚአብሔርም ራሱ አይሞላውም፥ ይልቁንም ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል፤ ከተለየነው ሰው ጋር ያለን አንድነት የሚጠበቀውም በዚያ ነው ብሎ ያስተምራል። ይህ በመጀመሪያ ሲሰሙት ጨካኝ ይመስላል፤ ሲያስቡት ግን ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይልቅ ርኅሩኅ ነው። ልጅዋን የቀበረች እናት ዓመት ካለፈ በኋላም ስፍራው ባዶ ሆኖ ብታገኘው፥ እምነቴ ጎደለ ብላ በኀዘንዋ ላይ የበደለኛነትን ሸክም እንዳትጨምር ያደርጋታልና።

ከዚህ ቀጥሎ የምናስተውለው፥ ብርሃኑ ወደ ሌሎች ሰዎች መዞሩ ነው። አጎቱ የበርሊን ጦር አዛዥ እንደ ሆነ በወህኒ ቤቱ በታወቀ ጊዜ፥ ጠባቂዎቹ ያከብሩት ጀመር። የሚበላውም እንዲጨመርለት ጠየቁት፤ እርሱ ግን የሚጨመርልኝ ከሌሎች እስረኞች ተቀንሶ ነው ብሎ እምቢ አለ። በበጋም ከላይኛው ፎቅ ሙቀት ወደ ቀዝቃዛ ክፍል እንዲወርድ ቢፈቅዱለት፥ በእኔ ስፍራ ሌላ እስረኛ ሊገባበት ነው ብሎ ተወው። በ1944 መከር ከአንድ ዘበኛ ጋር ለማምለጥ መንገድ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ወንድሙ ክላውስ በተያዘ ጊዜ ግን በቤተ ሰቡ ላይ የባሰ መከራ እንዳያመጣ ብሎ አሳቡን ሰረዘው። እነዚህን ነገሮች የማነሣው ሰውየውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ከላይ የተናገርነው መመርመሪያ በዚህ ይፈተናልና ነው፤ የብርሃኑ እውነተኛነት የታወቀው እስረኛው በወሰደው ሳይሆን ለሌላው በተወው ነው።

መጽሐፉን እንዲህ ካመሰገንሁ በኋላ የሚነቀፍበትን ብደብቅ ለአንባቢ እውነተኛ አልሆንም። በመጀመሪያ፥ ይህ በሥርዓት ተጽፎ ያለቀ መጽሐፍ አይደለም። ከኤፕሪል 1944 ጀምሮ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ሃይማኖት የለሽ ክርስትና፥ ለአካለ መጠንም ስለ ደረሰ ዓለም ትልልቅ አሳቦችን ያነሣል፤ ነገር ግን ሳይዘረዝራቸው ሞት ቀደመው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች ከደብዳቤዎቹ ጥቂት ቃል ቈርጠው እየወሰዱ የየራሳቸውን አሳብ አለበሱት። ጆን ሮቢንሰን የተባለው የእንግሊዝ ጳጳስም በ1963 ባወጣው ብዙ ባነጋገረው መጽሐፉ ከእነዚህ ደብዳቤዎች ወስዷል፤ ከእርሱም በኋላ የተነሡት አንዳንዶች ቦንሆፈርን ጸሎትን የሻረ ሰው አስመሰሉት። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መጽሐፈ መዝሙርን ለብዙ ዓመት በየቀኑ ሲያነብ እንደኖረና ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጦ እንደሚወደው በወህኒ ቤት ሆኖ በሜይ 1943 ለወላጆቹ ጽፏል። ሃይማኖትን ሲነቅፍ የነቀፈው፥ እግዚአብሔርን የእውቀታችንን ቀዳዳ የምንደፍንበት፥ ሰላም ስንሆን የምንረሳው፥ ስንቸገር ብቻ የምንጠራው ያደረግነውን ልማድ ነው። እርሱ የፈለገው እግዚአብሔር በሕይወታችን ዳር ሳይሆን በመካከሉ፥ በድካማችን ብቻ ሳይሆን በብርታታችንም እንዲገኝ ነው።

ሁለተኛ፥ ዓለም ለአካለ መጠን ደርሷል፥ ሰዎችም ከእንግዲህ ሃይማኖተኞች ሊሆኑ አይችሉም ያለውን እኔ አልቀበለውም። እርሱ የተመለከተው የአውሮፓን የተማረ ሰው ነበር። ከእርሱ ሞት በኋላ ባለፉት ዘመናት በአፍሪካና በእስያ አብያተ ክርስቲያናት እጅግ በዝተዋል፤ ሰውም አምላክን መፈለጉን አልተወም። ደግሞስ እርሱን ራሱን ያሰሩትና የሰቀሉት ሰዎች በእውነት ለአካለ መጠን የደረሱ ነበሩን? ሃይማኖት ከሰው ልብ ሲወጣ ስፍራው ባዶ እንደማይቀር፥ ጣዖትም ሊገባበት እንደሚችል፥ በ1933 በራዲዮ ያስጠነቀቀው እርሱ ራሱ ነበር። በዚህ ነገር ፊተኛው ቦንሆፈር ኋለኛውን የሚያርመው ይመስለኛል።

ሦስተኛም የሚያደንቁት ሰዎች የሚሠሩት ጥፋት አለ። ስለ አሟሟቱ በካምፑ የነበረ ሐኪም ከዓመታት በኋላ የሰጠው ቃል በብዙ መጻሕፍት ተደጋግሞ ተጽፏል፤ ሰማዕቱ ተንበርክኮ ሲጸልይ አየሁት፥ ሞቱም ፈጣን ነበር ይላል። የታሪክ መርማሪዎች ግን ይህን ቃል ይጠራጠሩታል፤ በእንዲህ ያለ ካምፕ ያገለገለ ሐኪም ራሱን ለማሳመር ምክንያት ነበረውና። እኔም ይህን ታሪክ ብንተወው የምናጣው ነገር የለም እላለሁ። ጨለማውን ያልካደውን ሰው ለማክበር ብለን ሞቱን ማስዋብ፥ እርሱ ያስተማረውን መርሳት ነው።

ያለ ምንም ጥርጥር የምናውቀው ይበቃናል። ኤፕሪል 8 ቀን 1945፥ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፥ ከሌሎች እስረኞች ጋር በባቫሪያ ውስጥ ሾንበርግ በምትባል መንደር በትምህርት ቤት ውስጥ ታስሮ ነበር። ጓደኞቹ ጸሎት እንዲመራላቸው ለመኑት። እርሱ ግን አብዛኞቹ ካቶሊኮች፥ አንዱ ደግሞ በእግዚአብሔር የማያምን የሶቪየት መኰንን ስለ ነበሩ፥ በግድ እንዳይሆንባቸው ብሎ አመነታ። መኰንኑም ጭምር በተስማማ ጊዜ ከትንቢተ ኢሳይያስ 53ኛው ምዕራፍና ከጴጥሮስ ፊተኛ መልእክት ተነሥቶ ተናገረ። ጸሎቱን እንደ ፈጸመ ሁለት ሰዎች መጥተው ጠሩት። በማግሥቱ ኤፕሪል 9 ቀን ጎሕ ሲቀድ በፍሎሰንቡርግ ካምፕ ተሰቀለ። ዕድሜው 39 ዓመት ነበር። በዚያው ወር ወንድሙ ክላውስና ሁለት የእኅቶቹ ባሎች ተገደሉ። የአሜሪካ ጦር ወደ ፍሎሰንቡርግ ደርሶ እስረኞቹን ነጻ ያወጣው ኤፕሪል 23 ቀን፥ ልክ በ14ኛው ቀን ነው።

አሥራ አራት ቀን! «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚለው ቃል በዚህ ስፍራ እውነት ሆኖ ሳለ ማጽናኛ ሊሆን አልቻለም። ለጀርመን አገር ነጋ፤ ለእርሱ ግን በዚህ ዓለም አልነጋለትም። ሆኖም በመጨረሻይቱ እሑድ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ብርሃን አልነበረም የሚል ማን ነው? ያ ብርሃን ከ14 ቀን በኋላ የሚመጣውን ጦር የሚጠብቅ አልነበረም፤ በዚያችው ሰዓት፥ በሌሊቱ መካከል፥ ለሚያምነውም ለማያምነውም ያበራ ነበር።

እንዲህ ያለው ብርሃን በጭንቅ ቀን በድንገት አይገኝም። ከ1935 እስከ 1937 ቦንሆፈር በፊንከንቫልደ ወጣት ካህናትን ሲያስተምር፥ በየማለዳው ቅዱስ ቃሉን በዝምታ እንዲያሰላስሉ ያዝዛቸው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዳንዶች ይህ ልማድ ከብዷቸው አጕረምርመው ነበር። ጌስታፖ ትምህርት ቤቱን በዘጋው ጊዜ፥ ጦርነትና እስራትም በመጣ ጊዜ፥ ከመምህሩ ጋር ወደ ጠባቡ ክፍል የገባው ያ በሰላሙ ዘመን የተለመደው ጸሎት ነው። በጌታችን ምሳሌ የተነገረላቸው አምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራት አላጡም፤ ያጡት ዘይት ነው፤ ዘይትም በእኩለ ሌሊት ከጎረቤት አይበደሩትም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን መጽሐፍ ስታነብ ሦስት ነገር ይዘህ ውጣ። ባልንጀራህ በጨለማ ሲቀመጥ ይነጋልሃል ለማለት አትቸኵል፤ ከአጠገቡ ተቀመጥ፥ የምታውቀውንም እውነት ብቻ ንገረው። ብርሃን አለኝ የሚል ሰው ሲመጣብህ፥ የደካማውን ፊት ያሳየህ እንደ ሆነ መርምር እንጂ በድምቀቱ አትታለል። ለራስህም ገና ቀን ሳለ ዘይትህን ሙላ፤ መዝሙረኛው ቃለ እግዚአብሔርን በእግር ፊት በምትሄድ መብራት መስሎታልና። እንዲህ ያለች መብራት የመንገዱን ጫፍ አታሳይም፤ እግርህ የሚረግጠውን አንድ እርምጃ ግን ታሳያለች። ያን አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው፥ ቢነጋለትም ባይነጋለትም፥ በብርሃን ሄዷል።